ሌሊት የማይበርድበት ዳቦ ቤት

«ዛሬም ሁለቴ ጨመረው።»

«ምኑን?»

«እርሾውን ነዋ! አንዴ ጨመረ፣ ዞር ብሎ ዱቄት ነፋ፣ ተመልሶ ደግሞ ጨመረ። ዓይኔ እያየ።»

«አንቺ ተሳስተሽ ይሆናል እኮ።»

እናቴና አክስቴ ናቸው፤ ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ቆመው። እኔ ባንኮኒው ሥር ነበርኩ። ስንት ዓመቴ እንደነበር አላውቅም፤ ባንኮኒው ሥር ራሴን ሳልመታ ቀጥ ብዬ መቀመጥ የምችልበት ዕድሜ ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች ረስቼዋለሁ። አክስቴ «ተሳስተሽ ይሆናል» ማለቷን ግን አስታውሳለሁ፤ ወይም የማስታውስ ይመስለኛል። ሰው በልጅነቱ ከሚያዳምጠው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ሌላውን በኋላ ዕድሜ ይሞላለታል።

ዕድሜ የሞላልኝ ይህን ነው። አባታችን ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ መርሳት የጀመረው ከእርሾው ነው። ቀጥሎ ጨው ረሳ። ቀጥሎ የምድጃውን በር ከፍቶ ትቶ መሄድ ጀመረ። በመጨረሻ ላይ እኔን ሲያየኝ በጣም በትሕትና «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» ይለኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ያኔ ጎረምሳ ነው። «አባዬ፣ አንተ በቃ ዕረፍ» ብሎ እጁን ይዞ ከማቡኪያው ላይ ያነሳው እሱ ነው። አባታችንም «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ብሎ የጠየቀው እሱን ነው።

ወንድሜ ይኸው አሁን ስልሳውን ሊደፍን ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ዱቄቴ» ይለዋል፤ ቅንድቡ የነጣው በሽበት ይሁን በዱቄት የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፣ ሚስቱን ደግሞ እትዬ። እሱ ያቦካል፣ እትዬ ትጋግራለች፣ እኔ ባንኮኒው ላይ እሸጣለሁ። ትንሽ ሬዲዮ አለችኝ፤ ደንበኛ ሲበዛ ደንበኛውን፣ ሲቀንስ እሷን አዳምጣለሁ።

የእኛ ቤት አሠራር እንዲህ ነው። ሊጡ ጀምበር ስትጠልቅ ይቦካል፣ ጓዳ ውስጥ በእንጨት ሣጥን ሆኖ ቀስ እያለ ሲነሳ ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ ምድጃ ይገባል። እርሾው የሚለካው አባታችን በተወልን ሁለት ጣሳዎች ነው፤ ትልቁ የቀዝቃዛው ወራት፣ ትንሹ የበጋው። በጋ ሲገባ ትልቁ ይሰቀላል፣ ትንሹ ይወርዳል። በቃ። ከዚህ ሌላ መለኪያ ኖሮን አያውቅም። ሙቀት መለካት የሚባለው ነገር እኛ ቤት እንደ ቀልድ ነው የሚታየው።

ምድጃ ፊት ያደግን ሰዎች ነንና። ደንበኞቼ ፊታቸውን በያዙት ነገር እያራገቡ ገብተው «እንዴት ነው የምትኖሩት ግን? ውጭው እሳት፣ ውስጡ እሳት!» ሲሉኝ ፈገግ ብዬ ዳቦዬን እሰጣለሁ። ወንድሜማ ይሳለቅባቸዋል።

«ይኼ ደግሞ ሙቀት ነው? ግቡና ምድጃው አፍ ላይ ቁሙ፣ ሙቀት ላሳያችሁ። ሰው ሁሉ ቅቤ ሆነ እኮ!»

ሰፈሩ ሲለወጥ አላየንም ማለቴ አይደለም። ከፊት ለፊታችን የአትክልት ማሳ ነበር፣ በመሐሉ ቦይ የሚያልፍበት። ጭቃው በደንበኛ ጫማ እየተሳፈረ እስከ ባንኮኒው ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ማሳው የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት። ቀጥሎ ከጎኑ የመስታወት ፎቅ ቆመ፤ በየመስኮቱ ሥር የተንጠለጠሉት የአየር ማቀዝቀዣ ሣጥኖች ቀኑን ሙሉ ወደ እኛ ይተነፍሳሉ። አምና መንገዱ ሲሰፋ የዳር ዛፎቹ ተቆረጡ። እኛም ብንሆን ጓሯችንን ለጽዳት ብለን ሲሚንቶ አለበስነው። በሰዓቱ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ጭቃ ማን ይወዳል?

በዚህ በጋ ነው ሊጡ የከዳን።

አንድ ማለዳ ስደርስ ወንድሜ የጓዳው በር ላይ ቆሟል። ሊጡ የሣጥኑን ጠርዝ አልፎ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ ሣጥን ውስጥ የቀረው ደግሞ መሐሉ ሟሽሾ ወድቋል። ኮምጣጣው ሽታ ከደጅ ይቀበላል።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሱን ጠይቂው» አለኝ፤ በአገጩ ሊጡን እያሳየኝ።

መጀመሪያ የተከሰሰው እርሾ ሻጩ ነው፤ ሰውነቱ ቀጭን፣ ምላሱ ረዥም ሰው።

«ምን ቀላቅለህ ነው የምትሸጥልኝ አንተ?» አለው ወንድሜ።

«እርሾ ላይ ምን ይቀላቀላል ዱቄቴ? ቢበዛ ጸሎት!»

«ሊጤ ሌሊት በሩን ከፍቶ ሊሄድ ምንም አልቀረው።»

«እንዲህ የሚያስነሳ እርሾ ሸጬልህ ትሰድበኛለህ? ሌላ ሰው ቢሆን ይመርቀኝ ነበር።»

ከእሱ ቀጥሎ ዱቄቱ ተከሰሰ። ከዚያ ጨው። እትዬ በረዶ እየገዛች ውኃው ውስጥ ጨመረች፤ አንድ ሁለት ቀን የረዳ መሰለ። በረዶው ግን የሚያቀዘቅዘው ውኃውን እንጂ ሌሊቱን አይደለም፤ ሊጡ ጎህ ሳይቀድ ጨርሶ ይወድቃል። ወንድሜ እርሾውን ከትንሿ ጣሳ አጎደለ። ያኔ ደግሞ አንድ ቀን ነፋስ ሲነፍስ አደረና ዳቦው ጡብ ሆኖ ወጣ። ደንበኛ መለሰብን። ከዚያ በፊት ዳቦ ተመልሶብን አያውቅም።

«ለምን የማቀዝቀዣ ክፍል አናሠራም?» አለች እትዬ።

ወንድሜ ዞሮ አያት። «ሊጥ ሬሳ ነው እንዴ ማቀዝቀዣ የማስገባው?»

ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ ከአፉ አልወጣም። ዝም አለ። ዱቄት ሲነፋ ዝም፣ ሲበላ ዝም፣ እርሾ ሻጩ ሆን ብሎ ሲነካካው እንኳ ዝም። የተናደደ ሰው ዝምታ ቢሆን አውቀዋለሁ፤ ይኼ ሌላ ነው። የሆነ ነገር እየቆጠረ እንዳይጠፋበት የፈራ ሰው ዝምታ ነው።

አንድ አመሻሽ ባንኮኒውን ስወለውል ከጓዳ ጠራኝ።

«ነይማ እህትዓለም። እዚህች ጋ ቁሚ።»

«ምን ላግዝህ?»

«ምንም። ቁሚ ብቻ።»

ትንሿን ጣሳ አውርዶ እርሾ ሞላት። አፏን በጣቱ ደለደለና ማቡኪያው ውስጥ ገለበጣት። መልሶ ሰቀላት። ከዚያ እኔን ሳያይ፣

«አንዴ ነው አይደል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«የጨመርኩት። አንዴ ነው?»

ለካ ይህን ሁሉ ቀን እርሾውን አልነበረም የሚጠረጥረው።

«አንዴ ነው ጋሼ። አንዴ ብቻ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በፈጠረኝ እላለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ግን እንዳላመነኝ ጀርባው ይናገራል። አባታችንንም በመጨረሻው ጊዜ እንዲሁ እየሸነገልን ነበር የምናኖረው፤ ሽንገላ እንዴት እንደሚሰማ ያውቃል። በማግስቱ ሊጡ እንደገና ወደቀ። ወንድሜ ሣጥኑን ጠርጎ፣ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደንበኛ ሲሳሳ፣ መጥቶ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደገፈ።

«የመኪና ማቆሚያው ባለቤት ቤታችንን ይፈልገዋል። ምድጃውን አፍርሶ ለመኪናዎቹ ሁለተኛ መግቢያ ሊያወጣበት። ሰኞ መልስ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ።»

«ምን ብለህ ልትመልስለት?»

«ውሰደው ብዬ።»

ሬዲዮዋን አጠፋሁ። «ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?»

«ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። አባዬን ከማቡኪያው ላይ እጁን ይዤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የእኔን እጅ ማን ይዞ እንዲያነሳ ነው የምትፈልጊው? ሚስቴ? ልጆቼ? አይሆንም። ሰው እያወቀ ነው መውጣት ያለበት።»

«መጀመሪያ እስቲ ሐኪም ጋ ሂድ።»

«ሐኪም ምን ይለኛል? ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ይለኛል። እሱን እነግረዋለሁ። የሚረሳው እጄ ነው፤ እጄን ማን ይጠይቅልኛል?»

ማታ ስንበረከክ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ሳታሳፍር አውጣው» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመስታወቱ ፎቅ ጎን ሌላ መሠረት የሚቆፍረው ማሽን የውኃውን ቧንቧ በጠሰው። ከሰፈሩ ሁሉ ውኃ ጠፋ። ለእሑድ ጠዋት ደግሞ ዳቦ የምናቀርብለት ሆስፒታል ይጠብቀናል፤ ሕመምተኛን ውኃ የለም አይሉትም።

«እናቴ ጋ ጉድጓድ አለ» አለች እትዬ፤ ቀስ ብላ።

ወንድሜ አማቱ ቤት ከሚሄድ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ቢነቅሉት ይመርጣል። ነገሩ የቆየ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውለታ ልዋልላቸው ብሎ የእሳቸውን ግቢ ሊያስነጥፍ አንድ መኪና ሲሚንቶ ጭኖ ሄዶ ነበር። እማማ መኪናውን ከበር መለሱት። «ስሞት መቃብሬን ትለስነዋለህ፣ እስከዚያ ግቢዬን ተወው» አሉት፣ ሾፌሩ ፊት። ከዚያ ወዲህ በመሐላቸው ጤና ይስጥልኝ እንጂ ሌላ ወሬ የለም።

ግን ምን ይደረግ? ዱቄቱን፣ ሣጥኖቹን፣ እርሾውንና ትንሿን ጣሳ አሮጌዋ ፒካፕ ላይ ጫንና ሄድን። የእማማ ሰፈር ያው ከተማ ውስጥ ነው፤ ከኛ ብዙም አይርቅም፤ ግን ገና ግንባታ አልደረሰበትም። ከትንሿ ወንዝ ድልድይ ስናልፍ የመኪናው መስኮት ክፍት ነበርና ፊቴን አንድ ነገር ነካኝ። ምን እንደሆነ ያኔ ስም አልሰጠሁትም።

እማማ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ጠበቁን።

«እህ፣ ዛሬም ሲሚንቶ ነው?»

«ዱቄት ነው እማማ።»

«ዱቄት ይግባ።»

ግቢያቸው ንጹሕ አፈር ነው። ሁለት ትልልቅ ዛፎች ከጣራው በላይ ተቃቅፈው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አያስገቡም። ከጓሮው በታች ቁልቁለቱ እስከ ወንዙ ድረስ አረንጓዴ ነው። ወንድሜ የሊጥ ማሽን ስለሌለ እጅጌውን ሰብስቦ እንደ ጥንቱ በክንዱ አቦካ። እርሾውን ሲለካ ቀና ብሎ አየኝ፤ በዓይኔ «አንዴ» አልኩት። ሣጥኖቹን ወፍራም ግድግዳ ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ ደረደርናቸውና ደረጃው ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ጀምበሯ ገብታለች።

ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ ክንዱን አሻሸ።

«በረደኝ» አለ።

እትዬ ደንግጣ ግንባሩን ዳሰሰች። «ትኩሳት የለህም።»

«እንግዲያው አሞኛል ማለት ነው። በበጋ ሰው ይበርደዋል እንዴ? ይኸው፣ እይው።» የክንዱ ፀጉር ቆሟል። ድምፁ ውስጥ ያን የዓርቡን ነገር ሰማሁት፤ ይኼንንም እንደ አዲስ ምልክት ቆጥሮታል።

እማማ ከወንበራቸው ሆነው ሳቁ። «ምን ታመምክ አንተ ደግሞ! መሽቶ እኮ ነው። ሲመሽ ይበርዳል። እናንተ ዘንድ ቀርቷል እንዴ?»

እትዬ ሳቀች። ወንድሜ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ፣ እኔም ወደ እሱ። እኛ ሰፈር መጨረሻ የበረደው መቼ ነው? ጨለማውስ ይመጣል፣ መብራቱም ይበራል፤ የጓዳችንን ግድግዳ ግን ጎህ ሲቀድ ስነካው ገና አሁን እንደወጣ ዳቦ ለብ ያለ ነው። ሁልጊዜ «ምድጃው ነው» እል ነበር። ግን ምድጃው ድሮም ነበረ። ግድግዳው ድሮ ጠዋት ይቀዘቅዝ ነበር።

እማማ ሹራብ አምጥተው ወንድሜ ትከሻ ላይ ጣሉ። የልጃቸው ነው፣ ጠበበው፤ ቢሆንም አላወለቀውም።

እዚያው አደርን። ጎህ ሲቀድ ዕቃ ቤቱ በር ሲከፈት ሰምቼ ተከተልኩት። ወንድሜ የመጀመሪያውን ሣጥን ጨርቅ ገለጠ። ሊጡ ከፍ ብሎ፣ አናቱ ለስልሶ፣ ጠርዙ ጋ ደርሶ፣ ልክ «እስከዚህ ነው የተባልኩት» እንደሚል ሰው ቆሟል። ጣቱን ሰካበት። ስርጉዱ ቀስ፣ ቀስ እያለ ግማሽ ድረስ ሞላ። ሽታው የልጅነታችን ሽታ ነው።

«የበጋዋ ጣሳ ናት አይደል?»

«የበጋዋ ናት።»

«አንዴ?»

«አንዴ ጋሼ።»

ደስታ ቶሎ እሺ አላለውም። ብዙ ቀን የተሸከመውን ፍርሃት በአንድ ሣጥን ሊጥ አያወርድም ሰው። ሊጡን ወስደን በኛው ምድጃ ጋገርነው፤ ዳቦው ያለ እንከን ወጣ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ኃላፊ አንዱን ሰብራ ውስጡን አይታ «ዱቄቴ፣ የት ከርመህ ነው?» አለችው። እሱ ግን «ውኃው ይሆናል» አለ። «የጉድጓድ ውኃ ነው። ወይ ደግሞ በእጅ ስለተቦካ ይሆናል። ወይ ስታዩኝ ስለተጠነቀቅኩ።»

«ታዲያ ምን ቢሆን ታምናለህ?» አለች እትዬ፤ ትዕግሥቷ አልቆ።

አሰበ። «አንድ ሊጥ ነው የማቦካው» አለ። «አንድ። እሱን ለሁለት እቆርጠዋለሁ። ግማሹ እዚያ ያድራል፣ ግማሹ እዚህ። እጁ አንድ፣ እርሾው አንድ፣ ውኃው አንድ። የእኔ ጥፋት ከሆነ ሁለቱም ይወድቃሉ።»

እሑድ ማታ እንዳለው አደረገ። የእሱን ድርሻ ይዞ እማማ ጋ ቀረ፤ እኔ የእኔን ይዤ በፒካፗ ተመለስኩና ጓዳችን አስገባሁት። ከፋርማሲው ሁለት የግድግዳ ቴርሞሜትር ተውሼ ነበር፤ አንዱን እትዬ እዚያ ዛፉ ላይ አንጠለጠለችው፣ ሌላውን እኔ ከምድጃው አርቄ የደጃችን ምሰሶ ላይ። ራት ሰዓት ላይ ደወለች።

«የኛ ሃያ አምስት ይላል። ያንቺስ?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ተሳስቼ እንዳይሆን መነጽሬን አድርጌ ደገምኩ። «ሠላሳ አንድ።»

«ምድጃው ጋ ሰቅለሽው እንዳይሆን!»

«ደጅ ነው ያለሁት፣ እትዬ። አስፋልቱ እግሬን በጫማዬ በኩል እየጋገረኝ ነው።»

ስልኩ ውስጥ እማማ ከሩቅ «ነገርኳችሁ፣ እነሱ ዘንድ ቀርቷል!» ሲሉ ሰማሁ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ የእኔ ግማሽ ወድቆ ጠበቀኝ። ሟሽሾ፣ ኮምጥጦ፣ በሣጥኑ ጥግ በኩል እየፈሰሰ። በሕይወቴ በወደቀ ሊጥ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወንድሜ ከእትዬ ጋር በታክሲ ሲደርስ የእሱን ሣጥን ታቅፎ ገባ፤ ጨርቁን ሳይገልጥ በፊት የእኔን አየ። ከዚያ የራሱን ገለጠ። ትናንት ማታ በአንድ ቢላዋ የተለያዩ ሁለት ግማሾች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ እንደ ሙሽራ ቀና ብሎ፣ አንዱ እንደ ሰካራም ተዘርሮ።

«እጄ አይደለም» አለ፣ በሹክሹክታ። ቀጥሎ ጮክ ብሎ፣ «እጄ አይደለም እኮ!»

የዱቄት ጆንያ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ሳቀ። ሲስቅ እንባው መጣ፤ እንባውን በዱቄታም ክንዱ ሲጠርገው ጉንጩ ላይ ሊጥ ሆነ። እትዬ በሽርጧ ጠረገችለት፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እሷም አላወቀችም። እኔ በልቤ «ተመስገን» አልኩ። ደግሜ አልኩ።

«ቤቱ ነው» አለ ወንድሜ። «ቤቱ ነው የሚያጣድፈው!»

«ቤቱ ብቻም አይደለም፣ ሰፈሩ ነው» አልኩት። «ሬዲዮ ላይ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። አፈርና ቅጠል ውኃ ይተነፍሳል፣ ስለዚህ አየሩ ይቀዘቅዛል። አስፋልትና ኮንክሪት ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ጠጥቶ ሲመሽ መልሶ ይተፋዋል። በዚያ ላይ ማቀዝቀዣው የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ይጥላል። እንዲህ ያለ ቦታ ከዛፍ ሥር ይልቅ ብዙ ዲግሪ ይሞቃል፣ ይልቁንም ማታ።»

«ይኼን ሰምተሽ ዝም አልሽ?»

«ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ!»

እውነቴን ነው። ምድጃ ፊት የኖርን ሰዎች ከሰው ሁሉ በፊት ሙቀት እናውቃለን ብለን፣ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሰማነው። ሰፈሩ ሁሉ እያራገበ ሲነግረን እኛ ስንስቅ ከረምን። አባታችን የተወልን የበጋ ጣሳ ልክ ነበረች፤ እሷ የምታውቀው በጋ ግን ፊት ለፊታችን ማሳ የነበረበትን፣ ማታ የሚበርደውን በጋ ነው።

ረፋዱ ላይ የመኪና ማቆሚያው ባለቤት በመሐረብ አንገቱን እየጠረገ ገባ።

«እንግዲህ ዱቄቴ፣ ሰኞ ነው።»

«ሰኞ ነው» አለ ወንድሜ። «ዳቦ ልስጥህ?»

«መልስ ነው የምትሰጠኝ።»

«ዳቦው ነው መልሱ። ትኩስ ነው፣ እንዳያቃጥልህ።»

ሰውየው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ተው እንጂ፣ እንነጋገር። ለመሆኑ ይኼ ሰፈር ምን ነክቶታል? ከመኪናዬ እዚህ እስክደርስ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ተጣበቀ።»

«ያንተው አስፋልት እኮ ነው» አለው ወንድሜ። ዳቦውን ግን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ሰውየው ሲወጣ ቅርፊቱን ቆርሶ እየበላ ነበር።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሌሊቱ እንደሆነ ያው ነው፤ የወንድሜ እጅ ስለዳነ አስፋልቱ አይነሳም። እትዬ ባሏ ሲስቅ ያገኘችውን አጋጣሚ አላሳለፈችም።

«እንግዲህ ሊጡ እናቴ ዕቃ ቤት ይደር።»

«ምን? በዚህ ዕድሜዬ አማቴ ቤት ልቀጠር?»

«ታዲያ ሬሳ ማቀዝቀዣ እንግዛ?»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፣ የሚያድነው ሰው ፍለጋ። እኔ ዳቦ መደርደር ላይ ነበርኩ።

ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ሄድን። እማማ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ለምን እንደመጣን ያወቁ ይመስለኛል፣ ግን ልጃቸው አፏን ልትከፍት ስትል በዱላቸው ዝም አሰኟት።

«እሱ ራሱ ይጠይቀኝ። ምላስ አለው፣ አውቀዋለሁ።»

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ዕቃ ቤቱን… ለሊጡ… ማታ ማታ ብቻ ነው።»

«ዕቃ ቤቱ ቀላል ነው፣ ይኸው ባዶ ነው። ግን ዘላቂ አይደለም።»

«ለምን?»

«ወንድ ልጆቼ ሁለቱን ዛፎች ቆርጠው ግቢውን ሊያስነጥፉ ተስማምተዋል። ክፍሎች ሠርተው ሊያከራዩ። እሑድ ሊነግሩኝ ነው የሚመጡት። እኔ እንቢ ብል ‹አረጀች› ይሉኛል። አንተን ግን ይሰማሉ፤ ሲሚንቶ የምትወድ ሰው መሆንህን ያውቃሉ።»

ወንድሜ ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። ቅጠሉ በዝግታ ይንቀሳቀሳል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አልነበረም።

«እኔ ልንገራቸው ነው የሚሉት?»

«አንተ። በገዛ አፍህ። ያመጣኸውን የሲሚንቶ መኪና መመለሴ ልክ ነበር ብለህ።»

«እሱንም ጨምሬ?»

«እሱንማ መጀመሪያ!»

እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። ወንድሜ መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫረው፤ ከላይ የደረቀው አፈር ሲነሳ ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ ርጥብ አፈር ወጣ።

«እሺ እማማ» አለ በመጨረሻ። «እሑድ እመጣለሁ። ዛፎቹን እንዳይነኩ፣ አፈሩንም እንዳያለብሱት እነግራቸዋለሁ። ሊጤ የሚያድረው እዚህ ነው እላቸዋለሁ።»

«ሊጥህ ብቻ ነው እዚህ የሚያድረው?»

«እርስዎም ጭምር» አለ። «ልክ ነበሩ እላቸዋለሁ።»